መንበርከክ የተማረው ሸማኔ

ኤርጫፎ በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ሲቀላ ውስጥ ከገበያው በስተጀርባ ባለ አንድ አዳራሽ ደጃፍ ላይ፣ የገዛ ጫማውን ማውለቅ አቅቶት ቆሞ ነበር።

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ጫማ አውልቀው ይግቡ» ይላል። ከውስጥ ሰዎች ስስ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ይሰማል። የግራው ጫማ ማሰሪያ ላልቶ ስለነበር ተረከዙን በሌላው እግሩ ረግጦ አወለቀው። የቀኙን ግን ጠዋት ሚስቱ ጥብቅ አድርጋ አስራለታለች። ጎንበስ ለማለት ሞከረ። እጁ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ በታች እንደ ተቆለፈ በር እምቢ አለ። ግድግዳውን ተደግፎ እንደገና ሞከረ። ከመንገዱ ማዶ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ሲያየው ጫማውን ለማውለቅ ሳይሆን ስልክ ቁጥር ለማስታወስ የቆመ ሰው ለመምሰል ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

«ጋሼ፣ ይቁሙ፤ እኔ ልፍታልዎት» አለች ከውስጥ የወጣች ቀጭን ወጣት። እሺም እምቢም ሳይል በአንድ ጉልበቷ ወርዳ ማሰሪያውን ፈታች፤ ወዲያው ደግሞ ምንም ሳትይዝ ብድግ አለች።

ኤርጫፎ ጫማውን አላየም። ያየው አወራረዷን ነበር። ጉልበት መሬት ነካ፤ ተነሳ፤ በቃ። እሱ ይህችን አንዲት ነገር ባለማድረጉ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን እየሸሸ ኖሯል።

ወጣቷ አቢጋኤል ትባላለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወገብ ለያዘው፣ አንገት ለደረቀበት፣ ትከሻው ለተሸበበ ሰው ቀስ ያለ የሰውነት ማፍታቻ ታስተምራለች። ኤርጫፎን መጀመሪያ ያየችው በምትሠራበት ክሊኒክ ነበር፤ ወደዚህ አዳራሽ እንዲመጣ የነገረችውም እሷ ናት። ጀርባውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ጠየቀችው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ግን እስካሁን ከጆሮው አልወጣም።

«አጥንትዎ ደህና ነው። የደረቀው ጡንቻው ነው። ጋሼ፣ ጎንበስ እንዳይሉ የከለከለዎት ሰው አለ?»

«የለም» አላት።

«አካል እኮ ያልተጠቀሙበትን ነገር ይረሳል። እርስዎ መታጠፍን የረሱ ነው የሚመስሉት።»

ሸሚዙን ለብሶ ዓይኗን ሳያይ ወጣ። የደበቀውን ነገር ከአከርካሪው ላይ ያነበበችው መሰለው።

የደበቀው ነገር ይህ ነው።

ኤርጫፎ የዶርዜ ልጅ ነው። አባቱ ሸማኔ ነበሩ፤ እሱም ሸማኔ ነው። ከዶርዜ ተራራ ወደ ሲቀላ ወርዶ ጎጆ ሲቀልስ ታናሽ ወንድሙ ሀይሌ እዚያው ላይ፣ በአባታቸው እንሰት መሃል ቀረ። አባታቸው ሲሞቱ ለታላቁ ልጅ ለኤርጫፎ የደረሰችው መወርወሪያቸው ናት፤ በድሩ መሃል ማጉን ይዛ ወዲህና ወዲያ የምትሮጠው ያቺ የእንጨት ዕቃ። በአባቱ እጅ ብዛት ጠቁራ፣ እንደ ቀንድ ለስልሳ ነበር። አንድ ዓመት፣ መስቀል ባለፈ ማግስት ቢፈልጋት የለችም። ከበዓሉ በፊት ሀይሌ ዕቃ ሊገዛ ወርዶ አንድ ሌሊት እነሱ ቤት አድሮ ነበር። ኤርጫፎ ሌላ አላሰበም። በዶርዜ የገበያ ቀን ሽቅብ ወጣና፣ ጥጥ ሻጩም፣ ቆጮ ሻጯም፣ የልጅነት ጓደኞቻቸውም እየሰሙ፣ «የአባቴን መወርወሪያ መልስ፣ አንተ ሌባ!» ብሎ ጮኸበት።

ሀይሌ የያዘውን ጥጥ መሬት ላይ አኑሮ ገበያውን ጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ እሱ ሲያልፍ ዕቃቸውን ወደ ጉያቸው የሚስቡ ሴቶች ነበሩ ይባላል።

ሁለት ወር አልፎ የኤርጫፎ ሚስት በለጥሽ አንድ ያላለቀ ሸማ ስትዘረጋ መወርወሪያዋ ዱብ አለች። ለመስቀል በዓል ሲጣደፍ ሸማውን የጠቀለለው ራሱ ኤርጫፎ ነበር።

«ወይ አንተ ትነግራለህ፣ ወይ እኔ እነግራለሁ» አለችው በለጥሽ።

«እነግራለሁ።»

አንድ ሳምንት ጠበቀችው። በስምንተኛው ቀን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ለዶርዜ ሽማግሌዎች፣ ለአባቶች ነገረች።

አባቶች ኤርጫፎን ዱቡሻ ጠሩት። ዱቡሻ የጋሞ ሰው ነገሩን የሚያይበት፣ የሚታረቅበት ሣር ሜዳ ነው። ካሳ አልጠየቁትም፤ በሬ እረድም አላሉትም። የፈረዱበት አንድ ነገር ብቻ ነው። እርጥብ ሣር ቆርጦ፣ ይዞ፣ ወንድሙ ፊት ተንበርክኮ «በደልኩህ» ማለት። በዚያ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ የሚል የለም። ግን መንበርከክ አለበት።

ሣሩን ይዞ ቆመ። «ሌባ» ሲል የሰሙት ሁሉ ዙሪያውን ነበሩ። ታላቅ ለታናሽ ሊንበረከክ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ከሽመና ጉድጓዱ ዘሎ ነው የወጣው፤ ጉልበቱም ወገቡም የወጣት ነበር። ሰውነቱ ግን ወደ ታች አልሄድ ሲል፣ አፉ ቀደመው።

«ጀርባዬ አይታጠፍልኝም» አለ። «ሐኪም ከልክሎኛል።»

ሁሉም አመነው። ሸማኔ ነው፤ አርባ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫ ሲረግጥ የኖረ ሰው ጀርባው ቢታመም ማን ይገረማል? ይልቁንስ አዘኑለት። ያኔ አባ አበጋዝ፣ የአባቱ ጓደኛ፣ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ፣ መጥተው ሣሩን ከእጁ ወሰዱ።

«ልጄ ካልቻለ እኔ አለሁ» አሉ።

ምርኩዛቸውን አኖሩ። ሁለት ሰዎች በብብታቸው ደግፈዋቸው ቀስ ብለው ወረዱ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ኤርጫፎ አጠገባቸው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ያመመው ሰው እያስመሰለ ያይ ነበር። ሀይሌ ደግሞ በሽማግሌው ራስ ላይ አሻግሮ እሱን ያየው ነበር። ወዲያው አባ አበጋዝን አነሳቸው፤ እሳቸውን እንደዚያ አድርጎ ማቆየት አይቻልም።

«ለአባ አበጋዝ ስል ነገሩን ትቼዋለሁ» አለ ሀይሌ። «ወንድሜ ጀርባው ሲሻለው ይመጣል። እስከዚያ እጠብቃለሁ።»

ውሸት እንደ ሸማ አይደለም፤ አንዴ ተሠርቶ አያልቅም። ሲቀላ በዶርዜ ሸማኔዎች የተሞላ ነው። ማታ እዚህ የታየ ነገር ጠዋት ከመጀመሪያው መኪና ጋር ተራራው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ኤርጫፎ ምርኩዝ ገዛ። ሰው ፊት ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም ሲወድቅበት ሌላ ሰው እስኪያነሳለት ይጠብቃል። ቀብር ላይ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ርቆ ይቆማል፤ ቃሬዛ አይሸከምም። ወንበር ከሌለ አይቀመጥም። መጀመሪያ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲሆን እንደ ልቡ ይታጠፍ ነበር። በኋላ በለጥሽ ልትገባ ትችላለች ብሎ ለብቻውም ተወው። እየቆየ ደግሞ የሚያስመስልበትና የማያስመስልበት ሰዓት ተምታታበት። ሁለት መስቀል እንዲህ አለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጋሞ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ሲወጣ እሱ ሲቀላ ቀረ። ከታላቅ ወንድም በቀር ሌላ መቁረጥ የሌለበትን የበዓሉን ሥጋ ማን እንደቆረጠው አልጠየቀም።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት፣ ቀሰም ወደቀበት። ሊያነሳ ጎንበስ አለ። አልታጠፍ አለው። ያላስመሰለበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ቆሞ ላቡ እስኪንጠባጠብ ድረስ ያንን መሬት ላይ የወደቀ ቀሰም አየው።

አሁን አዳራሹ ውስጥ፣ የተቀደደ ካልሲውን ለመደበቅ ጣቶቹን ኮርትሞ፣ ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል፣ ወንዶቹ በበሩ በኩል በተቀመጡበት መሃል ቆመ። ሊቀመጥ ስለማይችል አቢጋኤል ወንበር ሰጠችው። ካሉት ስምንት ሰዎች አንዷን ሲያይ ግን የመጣበት መንገድ ጠፋው። ኸይሪያ ነበረች፤ ለሲቀላ ሸማኔ ሁሉ ክር በጅምላ የምታከፋፍለው ነጋዴ።

«ኤርጫፎ! አንተም ጉድህ ፈላ?» አለችው፣ አንገቷ ስለማይዞር መላ ሰውነቷን ወደ እሱ አዙራ። «እዚህ እንደምመጣ ለሸማኔዎቹ ብትነግር ቀለሙ የለቀቀውን ክር ነው የምሰጥህ።»

«አንቺም አትንገሪ።»

«ተስማማን።»

አቢጋኤል ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። «ሰውነታችሁ ምን እንዲያደርግላችሁ ትፈልጋላችሁ? አንድ ነገር ብቻ።»

አቶ ሸዋንዳኝ ቀደሙ። ከሰሜን መጥተው በዞኑ መሥሪያ ቤቶች ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው፤ ለማፍታቻውም ከረባት አስረው መጥተዋል። «በበኩሌ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ካልሲዬን ያለ ሦስተኛ ወገን ጣልቃ ገብነት ማጥለቅ እፈልጋለሁ።»

ተሳቀ። ቀጥሎ ኸይሪያ ነበረች። እሷ አልቀለደችም።

«እኔ ግንባሬ መሬት እንዲነካ ነው የምፈልገው» አለች። «ሱጁድ፤ ስንሰግድ የምንደፋው። አንገቴ፣ ጉልበቴና ወገቤ ከተያዘ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምሰግደው። እንግዳ እንደሆንኩ ነው የሚሰማኝ፣ ወላሂ።»

«ወንበር ላይ ይፈቀድ የለም እንዴ?» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ።

«ለማይችል ይፈቀዳል፤ ምንም ኀጢአት የለበትም። እየቻለ የሚቀመጥ ሰው ግን ማንን ነው የሚሸውደው? ፈጣሪን?»

ኤርጫፎ የተቀመጠበት ወንበር የጋለ ብረት ሆነበት።

«ጋሼ ኤርጫፎ፣ እርስዎስ?»

«ሥራዬን» አለ። «ጉድጓዴ ውስጥ መቀመጥ።»

ኸይሪያ ግንባሯን መሬት ላይ ማድረግ እንደምትፈልግ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። እሱ «ጉልበቴን» ማለት አቃተው።

ትምህርቱ የጠበቀው ዓይነት አልነበረም። መዝለል የለም፤ ቆጠራ የለም። አቢጋኤል በለሰለሰ ድምፅ «እስኪሰማችሁ እንጂ እስኪያማችሁ አይደለም» ትላለች። ትከሻን ወደ ጆሮ መሳብ፣ ከዚያ ከትንፋሽ ጋር መልቀቅ። አንገትን ግማሽ መንገድ ብቻ ማዞር። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ። በሦስተኛው ሳምንት ወንዶቹንም ሴቶቹንም በጀርባቸው አስተኝታ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው እንዲስቡ አዘዘች። ኤርጫፎ በሕይወቱ ከሚስቱና ከሐኪም በቀር ሰው ፊት በጀርባው ተኝቶ አያውቅም። ጣሪያውን እያየ፣ በመስኮት አንድ ሸማኔ አንገቱን ብቅ ቢያደርግ ምን እንደሚል ያወጣ ያወርድ ጀመር። በዚያ ዝምታ መሃል ከአቶ ሸዋንዳኝ ምንጣፍ አንድ ድምፅ አመለጠ።

አቶ ሸዋንዳኝ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ኸይሪያ በመስኮቱ በኩል፣ «ውጥረቱ እየወጣላቸው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሸዋንዳኝ ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኤርጫፎም ሳቀ፤ ሲስቅ ጉልበቱ ከሃሳቡ በላይ ወደ ደረቱ ቀርቦ አገኘው። ወዲያው ሳቁ ተቋረጠበት። እነዚህ ሰዎች አብሯቸው የታመመ ሰው መስሏቸው ነው የሚስቁት። በሽታው ከየት እንደመጣ ቢያውቁ ከመካከላቸው ማን ምንጣፍ ያቀርብለት ነበር?

በሁለተኛው ወር አቢጋኤል መንበርከክን አስጀመረች። «ለሁሉም አይደለም፤ ጉልበቱ ለሚፈቅድለት» አለች። ከጎን ወንበር፣ ከጉልበት ሥር ትራስ። ቀኝ እግር ወደ ኋላ፣ ትንፋሽ ማውጣት፣ ቀስ ብሎ መውረድ። ለመነሳት ወንበሩን መያዝ። ኤርጫፎ መጀመሪያ ቀን ግማሽ መንገድ ወርዶ ተመለሰ። «ለምን ይታገላሉ ጋሼ? ማንም አያሯሩጥዎትም» አለችው። መስከረም እያሯሯጠው እንደሆነ አልነገራትም።

ቤቱ ውስጥም መለማመድ ያዘ። አንድ ምሽት በለጥሽ ጎመን ይዛ ስትገባ አልጋውን ተደግፎ፣ ትራስ ላይ ተንበርክኮ አገኘችው።

«ምነው፣ ጸሎት ጀመርክ?»

«ልምምድ ነው። ልጅቷ ያሳየችን ነው።»

ጎመኑን አስቀምጣ ከበላዩ ቆመች። «ለሀይሌ ነው» አለች፤ አልጠየቀችም።

ኤርጫፎ ከጉልበቱ ሥር ያለውን ትራስ አስተካከለ።

«ኤርጫፎ፣ ያኔም እኮ ትታጠፍ ነበር።»

ከታች ወደ ላይ አያት።

«ከዱቡሻ በተመለስን በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ሥር ሳጥን ስትጎትት አይቼሃለሁ። በበሩ ስንጥቅ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ጫማዬን ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስሪ…»

«አንዴ ተናግሬብሃለሁ። የሁለተኛውን ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። በየጠዋቱ እግርህ ሥር ስወርድ፣ ዛሬ አፍሮ ይነግረኛል እላለሁ። አንተ ግን ‹አጥብቀሽ እሰሪው› ብቻ ነው የምትለኝ።»

ጎመኗን ይዛ ወጣች። ኤርጫፎ አልጋውን ይዞ ለመነሳት ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ጉልበቱ ስላቃተው ብቻ አልነበረም።

ከመስቀል አምስት ቀን በፊት ምርኩዙን ትቶ ከበለጥሽ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረ። መኪናው በሙዝ ማሳ መሃል ወደ ላንቴ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ተራራው ሲታጠፍ፣ ሙቀቱ እየቀረ፣ ጭጋጉ እየወረደ ሲሄድ፣ በልቡ የሚለውን ይለማመድ ነበር። የሚለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «በደልኩህ» ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ሁለተኛው ያኔ ጀርባው ደህና እንደነበር ነው። ባይናገረውስ? ቢንበረከክ ሁሉም ያበቃል። ጀርባው ታሞ ነበር፤ ድኗል፤ መጥቷል። እንዲያውም ያመሰግኑታል። ከበለጥሽ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ በለጥሽ ደግሞ ሁለተኛ እንደማትናገርበት ነግራዋለች። መስኮቱን እያየች ነበር፤ አንድም ቃል አልረዳችውም።

እንደሚመጣ ቀድሞ መልእክት ልኮ ስለነበር ዱቡሻው ላይ አባቶች ተቀምጠዋል። ሀይሌ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል፤ ጠጉሩ ሸብቷል። አባ አበጋዝ ለብቻቸው አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልበታቸው እንዳልተመለሰ ኤርጫፎ ሰምቶ ነበር፤ አሁን ሁለት ምርኩዝ አጠገባቸው ተጋድሞ አየ።

«ያለ ምርኩዝ! እሰይ!» አለ አንዱ። «ጀርባህ ተሻለህ ማለት ነው?»

ኤርጫፎ ከሜዳው ዳር ሣር ቆረጠ። ለመቁረጥም ታጠፈ፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ሲደነቁ ሰማ። ሀይሌ ፊት ደረሰ። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ላከ። ትንፋሹን አወጣ። ወረደ። የመሬቱ እርጥበት በሱሪው አልፎ ጉልበቱን ነካው።

«ወንድሜ፣ በደልኩህ» አለ። «ሌባ አንተ አልነበርክም። ይቅር በለኝ።»

ሀይሌ ሣሩን ተቀበለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ሊያነሳው እጁን ዘረጋ፤ ከዙሪያው «ፈጣሪ ይመስገን፣ ፈውሶ አመጣልን» የሚል ድምፅ ተነሳ። አንድ ሽማግሌ ምርቃት ጀመሩ። አሁን እጁን ቢይዝ አለቀ።

«ቆይ» አለ ኤርጫፎ። የወንድሙን እጅ ገፋ። «ያኔ ጀርባዬ ደህና ነበር።»

ምርቃቱ መሃል ላይ ቆመ።

«ምን አለ?» አሉ አባ አበጋዝ ከግንዱ ላይ። ጆሯቸውም ደክሟል።

ማንም ሊደግምላቸው አልፈለገም። ሀይሌ ወደ መሬት አየ። ኤርጫፎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አባ፣ ያኔ አላመመኝም ነበር አልኩ።»

«ማን ነው ያመመው?»

«ማንም! ማንም አላመመውም ነበር!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ከቀርከሃው ቤቶች ዘንድ ደርሶ ሴቶች በየበሩ ወጡ። «ጀርባዬ ደህና ነበር። ለታናሼ መንበርከክ አፍሬ ዋሸሁ። እርስዎን በእኔ ፋንታ አስወረድኩዎት፤ ቆሜ አየሁ።»

አባ አበጋዝ አሁን ሰሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልመጣም፤ ቁጣ ቢመጣ ለኤርጫፎ በቀለለው። የሂሳብ ስህተት እንዳገኘ ሰው አሰቡ፤ አንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ያሻሽ ነበር።

«ታዲያ እኔ ለምን ወረድኩ?» አሉ።

ኤርጫፎ በጉልበቱ እንዳለ ወደ እሳቸው ዞረ። ሣሩ ግን ሀይሌ እጅ ላይ ነው፤ ባዶ እጁን ዘረጋ። አባ አበጋዝ ባዶውን እጅ አዩት፤ ምርኩዞቻቸውን አነሱ።

«እኔ ቤት አለኝ» አሉ። «የዛሬው የወንድምህ ነው። የእኔን ከዚህ ጋር አታዳብለው።»

በሁለቱ ምርኩዞች እየተጎተቱ ሜዳውን ለቀው ወጡ። አባቶችም አንድ በአንድ ተነሱ፤ ማንም የሰደበው የለም፤ ማንም ግን «አይዞህ» አላለውም። ኤርጫፎ ለመነሳት ሞከረና አልሆነለትም። አቢጋኤል ወንበር ይዞ መነሳትን ነው ያስተማረችው፤ ሜዳው ላይ ወንበር የለም። አንድ እጁን መሬት ላይ ጣለ፤ ግማሽ ተነስቶ ተመልሶ ወረደ። በለጥሽ ከዳር ቆማ ታየዋለች፤ አልመጣችም።

ሀይሌ ጥቂት አቆየው። ከዚያ ከኋላ መጥቶ ብብቱን ያዘና ብድግ አደረገው።

«ይህኛውስ እውነት ነው?» አለው። «አለመነሳትህ?»

«እውነት ነው።»

«አሁን እንዴት ብዬ ልመን?»

ኤርጫፎ ሱሪው ላይ ያለውን ጭቃ አየ። «እንጃ» አለ።

ሀይሌ የያዘውን ሣር ወደ ጋቢው ውስጥ አስገባ። «ይህ የእኔ ነው፤ አልሰጥህም» አለ። «እዚያ ጥግ ላይ ረዘም ያለ አለ። ሂድ፣ አባ አበጋዝ በር ሳይዘጉ።»

ኤርጫፎ ሄዶ ቆረጠ። ሲታጠፍ ወገቡ ወጋው፤ እስኪሰማው ብቻ አልነበረም፣ አመመው። አባ አበጋዝ በእንሰቱ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ሽቅብ እየወጡ ነበር፤ ሁለት ምርኩዝ፣ አንድ እርምጃ፣ ማረፍ። ሊደርስባቸው ይችል ነበር። ቀድሞ ደጃቸው ላይ ሊጠብቃቸውም ይችል ነበር። ግን ያንን ጉልበት አልፎ መሄድ አሳፈረው። እሳቸው ሲቆሙ እየቆመ፣ ሲራመዱ እየተራመደ ተከተላቸው።

አጥሩ ዘንድ ሲደርሱ ኤርጫፎን ሳል አመለጠው፤ እሳቸውም ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ሳል ሰማሁ። አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ደጄ ድንጋይ ነው» አሉ፤ ገቡ። በሩን ግን አልዘጉትም።

ኤርጫፎ ድንጋዩን አየ። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ላከ፤ ትንፋሹን አወጣ፤ ወረደ። ከጨለማው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ድምፅ ተሰማ። ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እስኪጠሩት ድረስ እዚያው ቆየ። ቶሎ አልጠሩትም።